ውሃ የማይዘው ጨርቅ

ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት በዚያ የኮሮና ዓመት፣ እኔ በዓረብ ኤምሬትስ፣ አጅማን ከተማ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ላይ ውሃ አንጠባጥብ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነበር። ለሰው ስናገር ይስቃል። እኔም አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ፤ ከዕድሜዬ ሁሉ የማፍርበትን ነገር የሠራሁት በዚያ ሥራ ላይ ሆኜ እንደሆነ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወደ አጅማን የመጣሁት ዱባይ ካለው ከሚርዲፍ ሰፈር ነው። ሚርዲፍ አንዲት ማዳም ቤት ሁለት ዓመት ሠርቼ ኮንትራቴ ሲያልቅ፣ ሁለተኛ የሰው ቤት ላልገባ ምዬ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ሳለሁ ስፌት ተምሬ ስለነበር፣ አንዲት የማውቃት ልጅ ዓባያ፣ የዓረብ ሴቶች ጥቁር ቀሚስ፣ የሚሰፋበት ቤት አስገባችኝ፤ ቪዛዬንም እዚያው አዞሩልኝ። ማደሪያ ግን አልነበረኝም። ልብሴን በላስቲክ ከረጢት አንጠልጥዬ ቢድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል የሚከራይ አልጋ፣ ስፈልግ፣ ስድስት ሐበሾች የሚኖሩበትን ክፍል በር የከፈቱልኝ እትዬ ነበሩ።

እትዬ የምንላቸው በዕድሜ ሁላችንንም ስለሚበልጡ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለ ገጠር የመጡ፣ አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር የኖሩ፣ ጎረቤት ከተማ ሻርጃ በአንድ የግል ክሊኒክ የሚያጸዱ ሴት ነበሩ። ተደራራቢው አልጋ ላይ የታችኛው የእሳቸው ነበር። ማዳም ቤት ምንጣፍ ስሸከም የተጎዳ ወገቤን ይዤ ወደ ላይኛው ለመውጣት ስንፈራገጥ ትንሽ አዩኝና፣

«ነይ ውረጂ» አሉኝ። «አንቺን ወገብሽን ያምሻል። እኔ ዛፍ ስወጣ ነው ያደግሁት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ የሃምሳ ዓመት ጉልበት በየምሽቱ ብረቱን እየጨበጠ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ እኔ ታች ተጋድሜ አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ «አሁን ተሽሎኛል፣ እንቀያየር» አላልኳቸውም። ወገቤ ግን በሁለት ወር ውስጥ ድኖ ነበር።

በሽታው ሲመጣ ዓባያ የሚገዛ ጠፋ። አሠሪያችን፣ ሁላችንም አርባብ የምንለው ሰውዬ፣ አንድ ሳምንት ፊቱን አጥቁሮ ከቆየ በኋላ አንድ ጠዋት እየሳቀ መጣ። «ያላ! ዓባያ ኸላስ፣ አበቃ። ከዛሬ ጀምሮ ጋውን ነው የምንሰፋው» አለ። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚለበሰውን፣ ከኋላ የሚታሰረውን፣ እየታጠበ ተመልሶ የሚለበሰውን ማለቱ ነው። ጨርቁ ውሃ የማያስገባ መሆን ስላለበት እየፈተነ የሚያሳልፍ ሰው ያስፈልግ ነበር። እጄ የማይንቀጠቀጥ ስለሆነ ይሁን፣ ወይም በስፌት ከሁሉ ያነስኩ ስለሆንኩ፣ እኔን መረጠኝ።

ፈተናው ቀላል ነው። ጨርቁን ቆርጬ ጥልፍ በሚወጠርበት ክብ እንጨት ላይ እወጥራለሁ። እንጨቱን ዘንበል አድርጌ ግድግዳ አስደግፋለሁ። ከዚያ በባዶ የዓይን መድኃኒት ብልቃጥ ውሃ ሞልቼ፣ ከአንድ ስንዝር ከፍታ አንድ በአንድ እጥላለሁ። ጥሩ ጨርቅ ከሆነ ጠብታዋ ስታርፍ ለአፍታ እንደ ሳንቲም ጠፍጠፍ ትላለች፤ ወዲያው ራሷን ትሰበስብና ክብ ሆና ትነጥራለች። አንዴ፣ ሁለቴ ዘልላ ትንከባለላለች። ዝናብ ካባራ በኋላ ጎመን ቅጠል ላይ የምትቀረዋን ውሃ ያየ ሰው ያውቃታል። መንገድ ላይ ሌላ ጠብታ ካገኘች ሁለቱ እንደተኳረፉ ሰዎች ጎን ለጎን ትንሽ ይቆማሉ። አንዳንዴም ከላይ የወደቀችው ታችኛዋን ነክታት ነጥራ ትሄዳለች፣ አትቀላቀልም። ብዙ ጊዜ ግን ድንገት አንዷ ሌላዋን ትውጣለች፤ አንድ የሆነችው ጠብታ ተንቀጥቅጣ፣ ከብዳ፣ በፍጥነት ወርዳ ትፈጠፈጣለች። ጨርቁ ደረቅ ነው። እጅ ቢያስነኩት ምንም የለም።

ወደድኩት። እውነቱን ለመናገር በዚያ አገር ካገኘሁት ሹግል፣ ከሥራው ሁሉ የወደድኩት እሱን ብቻ ነው። ሌሎቹ በመኪናው ድምፅ ደንቁረው ጎብጠው ሲሰፉ፣ እኔ ወንበር ላይ ተደላድዬ ውሃ ስትጫወት አያለሁ። አርባብ ሳያማክረኝ ጥቅል ጨርቅ አያስገባም ነበር። ሴቶቹ «ኢንጂነሯ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ቀልዱ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ሰምቼ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚፈሩኝ በምክንያት ነበር። የተሰፋውንም እፈትን ነበር፤ ውሃ በስፌቱ በኩል እንዳይገባ። ሦስተኛው መኪና ላይ የምትሠራ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ወፍራም መርፌ ትጠቀም ስለነበር በቀዳዳዎቹ ውሃ ያልፍ ጀመር። «መርፌሽን ለውጪ» ብላት ያበቃ ነበር። እኔ ግን ጋውኑን ይዤ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አርባብ ፊት ዘርግቼ አንጠባጠብኩበት። ልጅቱ በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ተባረረች። ቦርሳዋን ስትሰበስብ መጥታ፣ «እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ። «ሰው ቢሞትስ?» አልኳት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። «በዚህ ጋውን ሰው ቢሞትስ?» ትክክል ነኝ ብዬ በደንብ ምሳዬን በላሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ነው ሌላው ጨርቅ የመጣው።

በመልኩ አንድ ነው። ያው ሰማያዊ፣ ያው ልስላሴ። ወጥሬ አንድ ጠብታ ጣልኩ፤ ክብ ሆና ቆመች። ደህና ነው ብዬ ልተወው ስል ጠብታዋ ዝቅ አለች። እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ እያለች ጠፍጠፍ አለችና ጠርዟ ጠቆረ፤ ከዚያ ጨርቁ ጠጣት። ከኋላ ጣቴን ሳስነካ እርጥብ ነው። ሌላ ጥቅል ወጠርኩ፣ ያው ነው። አሥር ጥቅል ፈተንኩ። አንዱም አላለፈ።

አርባብን ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ሙሽኪላ ነው» አልኩት። «ውሃ ያስገባል። ይመለስ።»

«አይመለስም። ሌላ ጨርቅ በገበያው የለም፤ ወደቡም ዝግ ነው የሚሉት» አለ።

«እና ምን ይሁን?»

ወደ ቢሮው ገብቶ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ተመለሰ። ጫማና ሶፋ ውሃ እንዳይነካው የሚነፋ፣ በየሱቁ የሚሸጥ ነገር ነው። የወጠርኩትን ቁራጭ እየዞረ ነፋበት፤ ሽታው አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ትንሽ እስኪደርቅ ጠበቀና ብልቃጡን ከእጄ ወስዶ ራሱ ጣለ። ጠብታዋ ነጠረች። ከመልካሙ ጨርቅ እንኳ አብልጣ ነጠረች።

«አየሽ?» አለኝ።

«ሁሉንም ልንነፋው ነው?»

ሳቀ። «ለሁሉ ማን ይችላል? ለናሙናው ብቻ። ነገ ገዢዎቹ ከቡር ዱባይ ይመጣሉ። አንቺ ታሳያቸዋለሽ፤ እጅሽ ጥሩ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቪዛሽ መቼ ነው የሚታደሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። መቼ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው መጡ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ የነፋሁትን ናሙና ወጥሬ ጠበቅኋቸው። ከአንድ ስንዝር ጣልኩ፣ ከሁለት ስንዝር ጣልኩ። ጠብታዎቹ እንደ ጨሌ እየተበተኑ ወረዱ። ሁለቱን እንዴት እንደማገናኛቸው፣ ተዋህደው እንዴት እንደሚዘሉ አሳየኋቸው፤ ይህን ማንም አላዘዘኝም፣ ከራሴ የጨመርኩት ነው። አንደኛው ሰውዬ እንደ ሕፃን ሳቀና «እስቲ እኔ ልሞክር» ብሎ ብልቃጡን ተቀበለኝ። ሲጫወት ቆየ። ጨርቁን አገላብጦ ጀርባውን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ሲሄዱ አርባብ ለሁላችንም ብርያኒ አስመጣ። የኔው ላይ ሁለት የዶሮ ብልት ነበረበት። በላሁት።

ያ ጨርቅ ለስንት ቦታ እንደተሸጠ አላውቅም። አንዱን ቦታ ግን አወቅሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሥራ ስመለስ እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አንድ የታጠፈ ሰማያዊ ነገር ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

«እይማ» አሉኝ፣ ፈገግ እያሉ። «የእናንተ ቤት አይደለም?»

ዘረጋሁት። የአንገቱ ስፌት ድርብ ነው፣ ከውስጥ በአረንጓዴ ክር የታጠፈ። በአጅማን ከእኛ ሌላ እንደዚያ የሚሰፋ አልነበረም።

«ክሊኒኩ ሰጥቶን ነው» አሉ። «ነርሶቹ ሌላ ከውጭ የመጣ ይለብሳሉ። ለእኛ ለጽዳቶቹ ይኼ መጣ። ሁለት ሁለት ሰጥተውን ‹እያጠባችሁ ልበሱ› አሉን። ሳየው ‹የእኔ ልጅ እጅ አለበት› ብዬ ለሁሉም አወራሁ።»

እጄ ጨርቁ ላይ ነው። በጣቴ ብቻ አወቅሁት፤ ውሃ አላስፈለገኝም።

«የበሽተኞቹን ክፍል እኔ ነኝ የማጸዳው» ቀጠሉ። «ትውከቱም፣ ሌላውም አለ። እንዲያው ይኼ ውሃ ያስገባል እንዴ?»

በቀጥታ ጠየቁኝ። ዓይኔን እያዩ። አርባብ ትዝ አለኝ፣ ቪዛዬ ትዝ አለኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ትዝ ያለኝ ያቺ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ቦርሳዋን ይዛ በበሩ ስትወጣ። እኔም እንደ እሷ ልወጣ ነው።

«አያስገባም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የፈተንኩት።»

«ተመስገን» አሉና አጥፈው ከትራሳቸው ሥር አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ያ ጋውን ከፊቴ አልጠፋም። በየቀኑ አጥበው ባልኮኒው ላይ ያሰጡታል፤ እጅጌው ወደ ክፍሉ ዞሮ ይንጠለጠላል። አንድ አርብ፣ እሳቸው ጆሯቸው ላይ ስልክ ሰክተው ቅዳሴ ሲሰሙ፣ ወጥቼ እርጥብ ጣቴን አራገፍኩበት። ጠብታዎቹ አልቆሙም። ጠጣቸው።

በሚቀጥለው ቀን ያንን ቆርቆሮ ከሥራ ቤት በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ። ሁለቱንም ጋውን ባልኮኒው ላይ ፊትና ኋላቸውን ነፋኋቸው። ሞከርኩት፤ ውሃው ነጠረ። እንዴት እንደቀለለኝ! ይኼው መፍትሔ አገኘሁ፣ ማንም ሳይጎዳ አለቀ፣ አልኩ። ሲታጠብ እየለቀቀ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። በየሳምንቱ እነፋዋለሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አርባብ ቆርቆሮዎቹን ቆልፎ አስቀመጣቸው። ከሱቅ ልገዛው እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል አልገዛሁትም፤ ቀስ በቀስም ጋውኑን ሳላየው ማለፍ ለመድኩ።

የኔን ነገር ግን አልረሳሁም ነበር። የመጀመሪያው መልካም ጨርቅ ሳያልቅ አንድ ጋውን ለራሴ አሰፍቼ ሻንጣዬ ሥር ሸሽጌ ነበር። ለክፉ ቀን ብዬ። ይኼንን ለእትዬ ብሰጣቸው የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ያውቃል? መጥቶልኝ ያውቃል። አንዴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ።

ሙቀቱ በከበደበት ወር እትዬ ታመሙ። መጀመሪያ ደክሞኛል አሉ፣ ከዚያ ሳሉ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ላይኛው አልጋ መውጣት አቃታቸውና ወለሉ ላይ ተኙ። ክሊኒኩ መርምሮ እንዳለባቸው ነገራቸው፤ «መኪና እስኪመጣልሽ ከክፍልሽ አትውጪ» ብሎ ላካቸው። ክፍላቸው የእኛም ክፍል ነው።

ስድስታችን ኩሽናው ውስጥ ተሰበሰብን። ከሁላችን ምላሷ የሚፈራ አንዲት የአዳማ ልጅ ነበረች፤ እሷ ጀመረች።

«ትውጣ» አለች።

እኔ መጀመሪያ የሰማሁት «ትውጣ» የሚለውን አይደለም። «ይውጡ» አለማለቷን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ክፍል እትዬን አንቺ ያለ ሰው አልነበረም።

«ወዴት ትውጣ?» አለች ሌላዋ፤ እሷም «ትውጣ» አለች።

«ባልኮኒ። በሩን ከውስጥ እንዘጋለን። ምግብ በመስኮት እናቀብላታለን። ስድስት ነፍስ ለአንድ ነፍስ ይለቅ እንዴ? ልጆች ያለን ሰዎች ነን።»

«ሙቀቱ ይገድላታል።»

«በሽታውስ እኛን?»

እጅ ይውጣ ተባለ። የኔ እጅ ሦስተኛ ወጣ። የመጨረሻዋ እያለቀሰች አወጣች፤ ግን አወጣች።

«ማን ያስወጣታል?» ስንባባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የምትወጂያት» አለችኝ የአዳማዋ።

ሻንጣዬን ከፍቼ ያንን መልካሙን ጋውን ለበስኩ። ጓንት አደረግሁ፣ ሁለት ማስክ ደራረብኩ። ሌሎቹ ከኋላዬ በሩን ገርበብ አድርገው ያያሉ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ፍራሻቸውን ጎትቼ አወጣሁ። ባልኮኒው ላይ የልብስ ማስጫውን ገፋ አድርጌ ዘረጋሁላቸው፤ ፀሐይዋ እንዳትመታቸው አንሶላ ብረቱ ላይ አሰርኩ። ከዚያ ብብታቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ሰውነታቸው ምድጃ ሆኗል።

«ውሃ» አሉኝ።

በጠርሙስ አመጣሁላቸው። አንገታቸውን ደግፌ ሳጠጣቸው ሳል መጣባቸውና ውሃው ከአፋቸው ተረጨ፤ እጅጌዬ ላይና ደረቴ ላይ አረፈ። ሁለታችንም አየነው። ጠብታዎቹ ክብ ክብ ሆነው ቆሙ። ክንዴን ሳንቀሳቅስ አንዷ ተንከባለለችና ሌላዋን ነካቻት፣ ሁለቱ አንድ ሆኑ፣ ሦስተኛዋን አገኙ፣ ከእጅጌዬ ጫፍ ተንጠልጥለው መካከላችን ወለሉ ላይ ጠብ አሉ። እጅጌዬ ደረቀ ማለት አይቻልም፤ ከመጀመሪያውም አልረጠበም።

እትዬ እጅጌዬን ይዘው በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኼኛው ጥሩ ነው» አሉ።

ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት።

እዚያ ሁለት ቀን ቆዩ። ሾርባ በመስኮት እናቀብላቸዋለን፤ አንዳንዴ ይወስዱታል፣ አንዳንዴ እዚያው ይቀራል። ስንቴ እንደሳሉ ከውስጥ ይሰማን ነበር፤ የሚሰማው እንዳይሰማን የአዳማዋ ልጅ ስልኳ ላይ መዝሙር ትከፍት ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። በሩን ከፍተን በየጥጋችን ቆምን። እትዬ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በመካከላችን ሲያልፉ ዓይናቸው ክፍት ነበር፤ ማንንም አላዩም። እንደወጡ ክፍሉን በበረኪና አጠብነው። የላይኛውን አልጋ የቤቱ ባለቤቶች በማግስቱ ለሌላ ሰው አከራዩት።

አልሞቱም። ይህን ስጽፍ እንኳ እፎይ የምልበት ነገር ይኼ ብቻ ነው፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ ግን አልለየሁትም። አንድ ወር ገደማ ቆይተው ሻንጣቸውን ሊወስዱ መጡ። ግማሽ ሰው ሆነዋል። ፎቁን መውጣት ስለማይችሉ ታች ሆነው ደወሉ፤ ሻንጣውን ይዤ የወረድኩት እኔ ነበርኩ። ደረጃው ሥር፣ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ስወርድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ጀመርኩት። «እትዬ፣ ያ ጋውን...»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ የለበስኩት ዕለት ነው ያወቅሁት። ባልዲ ሳነሳ ሆዴ ላይ ፈሰሰብኝ፤ እስከ ቆዳዬ ራሰ። ሆዴ ሲርስ ማን ሊነግረኝ ነው?» በረጅሙ ተነፈሱ፤ ትንፋሻቸው መሐል ላይ ይቆረጥ ነበር። «‹ልጅቱ አላወቀች ይሆናል› አልኩ። ‹እሷም ተታልላ ይሆናል፣ ብነግራት ትደነግጥብኛለች› ብዬ ዝም አልኩሽ። ከውስጥ የቆሻሻ ላስቲክ ቀድጄ እለብስ ነበር። በኋላ አንድ ቀን ለብሼው ስገባ ውሃው አልነካኝም። ሳሸተው ጫማ ጫማ ይሸታል። ያን ጊዜ እንደምታውቂ አወቅሁ።»

ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«እና ለምን አልነገሩኝም? ለምን አልጮሁብኝም?»

«እኔ ነኝ የምነግርሽ?» አሉ። ድምፃቸው አልከፋም፤ ቢከፋ ይሻለኝ ነበር። «ስትነግሪኝ እጠብቅ ነበር። በየቀኑ አጥቤ ፊትሽ የማሰጣው ለምን መሰለሽ? ሌላ ማስጫ ጠፍቶ ነው? ‹ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ› እያልኩ። አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ ‹የፈተነችው ራሷ ነገረችኝ› ብዬ ክሊኒኩን ሌላ እጠይቅ ነበር፤ እምቢ ካሉኝም ሥራዬን እተወው ነበር። ከታመምኩ በኋላ ሳይሆን፣ ደህና ሳለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተነሺ። ሰው ያያል። ሻንጣውን ታክሲው ላይ አድርጊልኝ።»

አደረግሁላቸው። በሩን ስዘጋላቸው በመስኮቱ፣ «ወገብሽ ግን ዳነ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ለሾፌሩ «ያላ» አሉት። ዱባይ፣ ናይፍ ሰፈር አንዲት ዘመዳቸው ጋር ሰነበቱና፣ በረራ ሲከፈት አገራቸው ገቡ።

እኔ በዚያ ስፌት ቤት ሁለት ዓመት ሠራሁ። ቪዛዬ ታደሰ። ጋውን የሚገዛ ሲያልቅ ወደ ዓባያው ተመለስን፤ ወንበሬም ቀረ፣ መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጨርቅ የተረፈውን አርባብ ለወንበር ልብስ ሸጠው። ያቺን የአዲስ አበባ ልጅ አንድ ቀን ሻርጃ አውቶቡስ ውስጥ አየኋት፤ አየችኝና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች።

እትዬ ከሄዱ በኋላ ስልካቸውን ከዘመዳቸው ለምኜ አገኘሁ። ብዙ ወር ይዤው ከቆየሁ በኋላ በአንድ የበዓል ቀን፣ ሰው እንኳን አደረሳችሁ በሚባባልበት ሰዓት ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች፤ ትልቅ ሴት ናት፣ በድምፅዋ እናቷን ትመስላለች። ከአጅማን መሆኔን፣ አብረን እንኖር እንደነበር ነገርኳት።

«ቆይ እስቲ» አለችኝና ስልኩን ሳትሸፍን ዞረች። «እማዬ፣ አጅማን አብሬያቸው ነበርኩ የምትል ልጅ ናት።»

ሳል ሰማሁ። ከዚያ ያንን የማውቀውን ድምፅ፣ ቅርብ፣ አጠገቧ ያለ።

«የለችም በያት።»

ልጅቱ ወደ ስልኩ ተመለሰች። አፍራለች። «እማዬ የለችም» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። «እንኳን አደረሳችሁ በያቸው።»